በአንድ የጓሮ ኩሬ ኤሊ፣ ዓሣና እንቁራሪት አብረው ይኖራሉ?

ጓሮ ኩሬ

ሰላም ለቤቱ። ዝም ብዬ ሳነብ ከርሜ ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

አዲስ የገባሁበት ቤት ጓሮ ውስጥ አሮጌ የሲሚንቶ ኩሬ አለ። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር። ደርቆ ቅጠል ሞልቶት ነበር። ጠርጌ፣ የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ ደፍኜ ውሃ ሞላሁት። በሁለተኛው ሳምንት ማታ ማታ እንቁራሪቶች መጮህ ጀመሩ። ከየት እንደመጡ እግዜር ይወቅ። በደስታም በጩኸትም እንቅልፍ አጣሁ።

ትናንት ደግሞ ቤት የሚቀይር ጎረቤት ሁለት ኤሊ ሰጠኝ። አንዷ መዳፍ ታክላለች፣ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር አላት። ውሃው ጋ እንዳደረስኳት ጥልቅ ብላ ጠፋች። ሁለተኛው ትልቅ ነው፣ ጀርባው እንደ ጎጆ ጣሪያ ጉብ ያለ። እሱ ግን ውሃ የጠላ ይመስላል። ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳውን ይቧጥጣል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይቧጥጣል። እስኪለምድ ልተወው?

ሐሳቤ ኤሊዎቹ፣ ጥቂት ዓሣ፣ እንቁራሪቶቹና ውሃ ሊጠጡ የሚመጡ ወፎች ሁሉ በዚህ ኩሬ እንዲኖሩ ነው። ምን ይጎድለኛል?

ዝግተኛው

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ተይና ሁለተኛውን ኤሊ ከውሃ አውጪው። አሁኑኑ። ከዚያ ተመለሺና እግሩን ንገሪን። የዝሆን እግር ይመስላል ወይስ በጣቶቹ መካከል እንደ ዳክዬ ስስ ቆዳ አለ?

ጓሮ ኩሬ

አወጣሁት። እግሩ እንደ ዝሆን ነው። ድፍን ያለ፣ ጥፍሮቹ ከፊት የተደረደሩ። ሳነሳው ከአፍንጫው ውሃ ወጣ። ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ አለው። ምን አደረግሁት?

ዝግተኛው

አይዞሽ፣ ቶሎ ደርሰሽለታል። ይህ የየብስ ኤሊ ነው። መዋኘት አይችልም። ሲቧጥጥ የዋለው ጠልቶ አይደለም፣ እየሰመጠ ስለነበር ነው።

ያሳሳተሽ ቋንቋችን ነው። በውሃ ውስጥ የሚኖረውንም፣ ሣር ሲግጥ የሚውለውንም ኤሊ ብለን ጨርሰነዋል። ለይቶ የሚያሳየው እግሩ ነው። የየብሱ እግር ዓምድ ነው፣ ጀርባውም ብዙ ጊዜ ጉብ ይላል። የውሃው ጠፍጠፍ ያለ ጀርባ አለው፣ የእግሩ ጣቶችም በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው።

የእንስሳት ሐኪሟ

ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘንበል አድርገሽ ያዢው፣ የቀረው ውሃ ይውጣ። በጀርባው ገልብጠሽ እንዳታስተኚው። ከዚያ ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ አኑሪው። እንዲጠጣ አታስገድጂው።

ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ውሃ ወደ ሳንባ የገባበት ኤሊ ዛሬ ደህና መስሎ ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ሊወድቅ ይችላል። «ተሻለው» ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ጓሮ ኩሬ

እየወሰድኩት ነው። ስመለስ አነባለሁ፣ ጻፉልኝ።

ቶሎ ቶሎ

ኧረ ጉድ! እኔም ባውቅ ኖሮ። ለማንኛውም ስለ ሌላው ጥያቄሽ፣ ብዙ አትጨነቂ። ሁሉንም ጨምሪያቸው፣ ተፈጥሮ ራሱ ያስተካክለዋል። እንቁራሪት ካነሰሽ ከወንዝ ዳር በባልዲ ታመጫለሽ። አበቃ።

ዝግተኛው

ወንድሜ ቶሎ ቶሎ፣ ተፈጥሮ ያስተካክለዋል ያልከውን እኔ ጓሮ ሲያስተካክለው አይቼዋለሁ። ስማኝ።

እኔም እንደ እህታችን ቀይ መስመር ያላት ኤሊ ነበረችኝ። ያኔ ከሳንቲም ትንሽ ከፍ ትል ነበር። 11 ዓሣ ካሉበት ኩሬ ከተትኳት። የመጀመሪያው ዓመት ሰርግና ምላሽ ሆነ፤ ዓሦቹ ከሥሯ ሲሽሎከሎኩ ዞር ብላም አታያቸው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ስወጣ አንዱ ዓሣ ጅራቱ የለም። ሳቢሳ ነው ብዬ ወፉን ረገምኩ። በሳምንቱ ሌላ። እንዲህ እንዲህ እያለ 11 የነበረው 2 ሆነ። የቀሩት ሁለቱ ከሁሉም ፈጣኖቹ ነበሩ። በመጨረሻ በዓይኔ በብረቱ ያዝኳት። ጎህ ሲቀድ፣ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ዓሦቹ ፈዘው ሳሉ፣ ከሥር ቀስ ብላ መጥታ ሆዱን ቦጨቀችው። ሳቢሳውን ይቅርታ ጠየቅሁት።

የእንቁራሪት እንቁላልማ ለእሷ ቁርስ ነው። ጅራታሞቹን የእንቁራሪት ልጆች አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች። ቀንድ አውጣም አይቀር። የተከልኩትን የውሃ አበባ በሳምንት ግንዱን ብቻ አስቀረችው። እሷ ባለችበት ውሃ ሌላው ሁሉ ምግብ ነው።

ደጀ ሰላም

እኔ ትንሽ አልስማማም። በእኔ ኩሬ ኤሊና ዓሣ 6 ዓመት አብረው አሉ። ግን ኩሬዬ ሰፊ ነው፣ ወደ 20,000 ሊትር ይይዛል፣ ግማሹ በሸምበቆና በደንገል ተሸፍኗል፣ ዓሦቹም ክንድ ያክላሉ። ትንንሾቹ ይበላሉ፣ አልዋሽም። እንቁራሪት ግን በልቶልኝ አያውቅም።

ዝግተኛው

ደጀ ሰላም፣ እንቁራሪት እንዳልተበላ በምን አወቅህ? ጅራታም ልጆቻቸውን በኩሬህ አይተህ ታውቃለህ?

ደጀ ሰላም

... አሁን ሳስበው አላየሁም። ትልልቆቹ ናቸው የሚጮሁት። ይሄን ነገር ነገ አያለሁ።

ቄጠማ

እኔ ኤሊ የለኝም። ያለኝ ማንም ያልጠራው እንግዳ የሚመጣበት ኩሬ ነው፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ልናገር።

እህቴ ጓሮ ኩሬ፣ ሁለት ውሃ አድርጊው። ትልቁን ለኤሊዋ ስጪያት። ለእንቁራሪቶቹና ለሌላው ደግሞ ከእሱ ራቅ አድርገሽ ትንሽ ቆፍሪ። 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ይበቃል። መካከሉ 40 ሴንቲ ሜትር ቢጠልቅ፣ አንዱ ጎኑ ግን እንደ ሰሃን ጠርዝ ቀስ እያለ ወደ መሬት ቢወጣ። ሕይወቱ ያለው በዚያ ቀጭን ውሃ ላይ ነው። ጎንበስ ብለሽ ብታይ እዚያ የሚርመሰመሰውን ቆጥረሽ አትጨርሺውም። ዓሣ አትጨምሪበት፤ ዓሣም እንቁላል ይበላል።

እንቁራሪት ከወንዝ በባልዲ ስለማምጣት የተባለውን ግን እባካችሁ አትስሙ። የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ። ከአገር አገር እየዞረ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎችን ከምድር ገጽ ያጠፋ ነው። ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው የሚያደርሰው የተነሳ እንቁራሪት፣ እንቁላል፣ ያልደረቀ ባልዲ፣ ጭቃ የያዘ ቦቲ ነው። ደግሞም ምን ያስቸኩላል? አንቺ ጋ ሳይጠሩ መጥተው የለ።

ሌላው እንግዳ ያ አራት ክንፍ ያለው፣ ውሃ ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነው። እኛ ቤት የውሃ ተርብ እንለዋለን። ልጅነቱን የሚጨርሰው ውሃ ውስጥ ነው፣ ያውም እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ዓመታት። አንድ ጠዋት በቄጠማው ግንድ ላይ ይወጣል፣ ጀርባው ይሰነጠቅና እርጥብ ክንፉን ይዞ ከራሱ ቆዳ ውስጥ ይወጣል። ቡናማው ባዶ ቆዳ ግንዱን እንደጨበጠ ይቀራል። እኔ አንዱን መስኮቴ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስለዚህ ከውሃው ወጣ ያለ ግንድ ያለው ተክል ይኑርሽ። እሱ ከሌለ መውጫ መሰላል የላቸውም።

ሳቢሳ

ስሜ ሲነሳ ሰማሁ መሰለኝ 🙂

ስለ ወፍ ካነሳችሁ፣ ወፍ ጥልቅ ውሃ አይፈልግም። ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ የሚያልፍበት ሻካራ ጠፍጣፋ ድንጋይ በቂ ነው፣ ይጠጣል፣ ይታጠባል። ከላይ መረብ የምትዘረጉ ሰዎች ወጥራችሁ እሰሩት። የላላ መረብ ወፍና እባብ አንቆ ይገድላል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ሳቢሳ በእግሩ እየተራመደ ነው የሚያጠምደው። ቄጠማ ያለችው ቀስ ብሎ የሚወርድ ጠርዝ ለእሱ ምንጣፍ ማለት ነው። ዓሣ ካላችሁ ጠርዙ ቢያንስ በአንድ ወገን ድንገት ይጥለቅ። ዓሣ ከሌላችሁ ይምጣ፣ እዩት፣ አያምርም እንዴ?

ሊትር ቆጣሪ

ልጄ ጓሮ ኩሬ፣ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነኝና ስለ ውሃው ልናገር። እንስሳውን ለእነሱ ተውኩ።

3 በ2 በ0.8 ሲባዛ 4.8 ሜትር ኩብ ነው። 4,800 ሊትር። ጠርዙ ዘንበል ካለ ትንሽ ይቀንሳል። ኤሊ ቆሻሻ ነው። አትቀየሚኝ፣ ነው። ይበላል፣ ያስወጣል፣ የሚበላውን ይቦጫጭቃል። ስለዚህ ፓምፑ ያለውን ውሃ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ ማዞር አለበት። በሰዓት ከ2,400 እስከ 4,800 ሊትር ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ውሃውን ሽቅብ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። አንድ ሜትር ሽቅብ ሲገፋ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍ ያለውን ግዢ።

አሁን ዋናው። ማጣሪያ ቆሻሻ መያዣ ብቻ አይደለም። በስፖንጁ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከኤሊዋ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው። ሦስተኛውን ተክሎች ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪረቡ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ምግብ ቀንሺ፣ ውሃ በከፊል ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። (አንተን አይደለም ልጄ ቶሎ ቶሎ።)

እኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ። ማጣሪያው ጠቁሮ ሳየው አሳፈረኝ። አውጥቼ በቧንቧ ውሃ አሸሁት፣ ነጭ እስኪሆን። በጣም ኮራሁበት። በአምስተኛው ቀን ኩሬው ሸተተ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃ በላይ እያወጡ ይከፍቱ ጀመር። ለካ የገደልኩት ቆሻሻውን ሳይሆን ሠራተኞቹን ነው። ቧንቧ ውስጥ ያለው ክሎሪን የተሠራው ባክቴሪያ ሊገድል አይደል? ከዚያ ወዲህ ስፖንጁን ከኩሬው በቀዳሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ይጥቆር፣ ግድ የለም።

ክሎሪን ብቻ ያለበት ውሃ አንድ ሁለት ቀን ክፍት ከቆየ ይተናል። ክሎራሚን የሚባለው ሌላ የውሃ ማጽጃ ያለበት ግን በዚያ አይጠፋም፣ ማስወገጃ ጠብታ ይፈልጋል። ውሃ የሚያቀርብልሽን ክፍል የቱን እንደሚጠቀም ጠይቂ።

ደግሞ በሲሚንቶ ደፈንኩ ብለሻል። ትኩስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል፣ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱን ልኬት) ከመጠን በላይ ከፍ ያደርጋል፣ ለዓሣም ለእንቁራሪትም መጥፎ ነው። ሞልተሽ፣ ጥቂት ቀን አቆይተሽ፣ ደፍተሽ፣ ደግመሽ ሙዪ። የፒኤች መለኪያ ወረቀት ይኑርሽ። እስከዚያ ኤሊዋ በሌላ ዕቃ ትቆይ።

የፓምፑ ኤሌክትሪክ መስመር አፈትልኮ ሰው ሲነካ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። በዚህ ቀልድ የለም።

ጓሮ ኩሬ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደ እርስዎ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። ኤሊዋን አሁን ትልቅ ሳፋ ውስጥ አድርጌያታለሁ። የየብሱ ኤሊ መርፌ ተወግቶ ተመልሷል። ዛሬ ቅጠል ቀመሰ።

እናት የሁለት

ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት አጥር። ትንሽ ልጅ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ያውም ድምፅ ሳያሰማ። እኛ ከውሃው ፊት ትንሽ ዝቅ አድርገን ጠንካራ የብረት ፍርግርግ አስገብተናል። ተክሉ በቀዳዳው ያልፋል፣ ልጅ ቢወድቅ ግን ይይዘዋል። ለኤሊዋ በአንድ ጥግ ሰፊ መውጫ ትተናል፣ ያችን ጥግ ለብቻዋ አጥረናታል።

ሁለተኛ፣ እጅ መታጠብ። ኤሊ ታሞም ሳይታመም ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ቅርፊቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊ እንዳይሸጥ በ1975 የታገደው ለዚህ ነው። ልጆች ትንንሾቹን አፋቸው ውስጥ ይከቱ ነበር። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኤሊ ማየት እንጂ መንካት የለም። የኤሊዋን ዕቃም ምግብ በሚሠራበት ቦታ አትጠቡ።

ቶሎ ቶሎ

እሺ ተማርኩ 😅 ግን አንድ ነገር። ካደገችና ከበዛችብሽ ወንዝ ወይም ሐይቅ ወስደሽ መልቀቅ ነው። ነፃ ትወጣለች።

ዝግተኛው

በፍጹም። ይህን ብቻ እንዳታደርጉ ለምኛችኋለሁ።

ይቺ ቀይ መስመር ያላት ኤሊ አገሯ የሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ነው። ዛሬ ግን ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር አለች። እንዴት ደረሰች? ሳንቲም ስታክል ተገዝታ፣ ሰሃን ስታክል ተለቅቃ። በዓለም ላይ እጅግ ጎጂ ከሚባሉት 100 መጤ ዝርያዎች አንዷ ተብላ ተመዝግባለች። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 እንዳትገባ አገደ፣ በ2016 ደግሞ ከጎጂ መጤዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባት። የወንዙን ኤሊ ፀሐይ ከሚሞቅበት ግንድ ገፍትራ ትጥለዋለች፣ ምግቡን ትሻማዋለች፣ በሽታም ታጋባበታለች።

ስለዚህ ልጄ፣ ከመያዝህ በፊት አስብ። ሴቷ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። 30 ዓመት ልትኖር ትችላለች። እኔ የያዝኳት ኤሊ ከትዳሬ ትበልጣለች። ካልቻልክ የሚቻለው ሰው ፈልገህ ትሰጣለህ። በተቃራኒውም፣ ኤሊን ከወንዝ አንስቶ ቤት ማምጣት በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል።

ቄጠማ

ከኤሊ ጋር አብሮ ይነሳ ካልን እምቦጭም አለ። አበባው ያምራል፣ ናይትሬት ይጠጣል፣ ጥላ ይሰጣል፣ እውነት ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሁኔታው ከተመቸው ግን በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ጎርፍ ወይም ቦይ ወደሚደርስበት ኩሬ አታስገቡት። የውሃ አበባ፣ ቄጠማ፣ ደንገል እያለ ለምን? ከውሃው ፊት ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው በቅጠል ቢሸፈን ውሃው ሾርባ አይመስልም፣ አልጌው ብርሃን ያጣል።

የኤሊዋን ተክል በድንጋይ ክበቢው፣ ወይም በሽቦ ቅርጫት ውስጥ ትከዪው። አለበለዚያ ሰላጣ ነው።

ጓሮ ኩሬ

ሌላ ጥያቄ። ጎረቤቶቼ «ቢምቢ አረባሽብን» ማለት ጀምረዋል። ውሃው ላይ ቀጫጭን ነገሮች ተዘቅዝቀው ይወዛወዛሉ። ሳንኳኳ ይሰምጣሉ። እነሱ ናቸው?

ቶሎ ቶሎ

የተቃጠለ ዘይት ጠብ አድርጊበት! አያቴ ያደርግ ነበር። ይሄኛው ግን ይሠራል።

ቄጠማ

ይሠራል፣ ሁሉንም ይገድላላ። የቢምቢ እጭ በጅራቱ በኩል ባለው ቱቦ ከውሃው ፊት አየር ይስባል፣ ዘይት ያንን ይደፍንበታል። እንቁራሪቱም፣ የውሃ ተርቡም፣ ኤሊዋም እዚያው ዘይት ውስጥ ናቸው። የኤሊዋ ዓይን፣ ቆዳ፣ ሁሉም።

እህቴ፣ አዎ፣ የቢምቢ እጮች ናቸው። ፓምፑ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ይቀራል፣ የሚንቀሳቀስ ውሃ አይወዱም። በትንሹ ኩሬ ደግሞ የውሃ ተርብ ልጆች እስኪመጡ ድረስ ቢቲአይ የሚባለውን ተጠቀሚ። ባክቴሪያ ነው፣ የትንኝ እጭንና የቅርብ ዘመዶቹን ይገድላል፣ እንቁራሪትና ዓሣ አይነካም። ግን አስቀድሞ ጓሮውን ዙሪ። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ በሙቀት ከ7 እስከ 10 ቀን ነው የሚፈጀው። የተረሳ ባልዲ፣ ጎማ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሰሃን፣ ሁሉም ማሳደጊያ ነው። ብዙ ጊዜ ኩሬው የሚከሰሰው በባልዲው ጥፋት ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ

ስለ ኤሊዋ ጤና ባጭሩ።

ፀሐይ የግድ ነው። መስታወት ያለፈ ፀሐይ አይቆጠርም፣ ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ይቀራል። ያለ እሱ ቫይታሚን ዲ አታመርትም፣ ካልሲየሙ አይያዝም፣ ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። ከውሃ ሙሉ በሙሉ ወጥታ የምትደርቅበት ግንድ ወይም ድንጋይ ስጪያት፣ ጥላም ይኑር።

ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ሳንባ ነው፣ አትጠብቂ። ዓይኗ ካበጠ ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፣ የምግብ ችግር። ዳቦ አትስጧት። ለኤሊ የተዘጋጀ ምግብ በልኩ፣ የመሬት ትል፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል። ስታድግ ቅጠሉ ይብዛ። መሬት ላይ አትመግቢያት፣ የውሃ ኤሊ የሚውጠው ውሃ ውስጥ ነው።

እና ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሴት ከሆነች ያለ ወንድም እንቁላል ትጥላለች። የምትቆፍረው ለስላሳ አፈር ካጣች እንቁላሉን ይዛ ትታመማለች። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥበት ያለው አፈር በአንድ ጥግ አዘጋጂ።

ጓሮ ኩሬ

ሴት መሆኗን በምን አውቃለሁ? እስካሁን «እሷ» እያልኩ ነው የምጠራት።

ዝግተኛው

ገና ናት። 10 ሴንቲ ሜትር ካለፈች በኋላ የፊት ጥፍሯን እዪ። ወንዱ እንደ ሹራብ መሥሪያ ረጃጅም ጥፍር ያወጣል፣ ሴቷን ሲያባብል ፊቷ ላይ ያርገበግበዋል። ጅራቱም ወፍራም ነው። የሚገርመው፣ ጾታቸውን የሚወስነው የተቀበሩበት አፈር ሙቀት ነው። በዚህ ዓይነት 29 ዲግሪ አካባቢ መሸጋገሪያው ነው፤ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ፣ ሞቅ ካለ ሴት።

አጥሩንም አትርሺ። ኤሊ ይወጣል ብለው አያስቡም ሰዎች። የእኔዋ በሽቦ ላይ እንደ ድመት ወጥታ ከጎረቤት መኪና ሥር ነው ያገኘኋት። ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ከላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ከሥር የተቀበረ። ሽቦ ሳይሆን የማይታይበት ነገር ይሻላል። ማዶውን ካየች ለመሄድ ትሞክራለች።

ብርድ አገር

እኔ ያለሁበት በብርዱ ወራት ኩሬው በረዶ ይሠራል። እንዲህ ያለ አየር ላላችሁ፣ 80 ሴንቲ ሜትር አይበቃም፣ ከ90 በላይ ይሁን። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ምግብ እቀንስና አቆማለሁ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው አይፈጭም። በረዶው ላይ ሞቅ ባለ ዕቃ ቀዳዳ አድርጌ መጥፎ ጋዝ እንዲወጣ እተዋለሁ። በመዶሻ አትምቱት፣ ንዝረቱ ዓሣውን ይጎዳል።

በአሜሪካ የምትኖር ባለቀለም የምትባል ኤሊ አለች። በ3 ዲግሪ ውሃ ያለ ኦክስጅን ከ3 ወር በላይ ትቆያለች። በሰውነቷ የሚጠራቀመውን አሲድ የምታበርደው ከቅርፊቷ በሚወጣ ማዕድን ነው። ቤቷን እየበላች ትተኛለች ማለት ነው። የእህታችን ዓይነት ግን ያን ያህል አይችልም። እኔ ትንንሾቹን ቤት ነው የማስገባ።

ደጀ ሰላም

ለሳምንት ጎህ ሲቀድ እየተነሳሁ አየሁ። ሁለቴ የእንቁራሪት እንቁላል አገኘሁ። ሁለቴም በማግስቱ የለም። ዝግተኛው፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ቁፋሮ ጀምሬያለሁ።

ጓሮ ኩሬ (ከ2 ወር በኋላ)

ሰላም ለቤቱ፣ ጠፋሁ አይደል?

ሁለተኛውን ኩሬ ቆፈርኩ። ወፍራም ላስቲክ ከሥሩ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፌ ዘረጋሁ። ላስቲኩን ስገዛ ጋሽ ሊትር ቆጣሪ በውስጥ መስመር ያስተማሩኝን አደረግሁ። ርዝመቱ ላይ የጥልቀቱን እጥፍ ደመርኩ፣ ለጠርዝ ደግሞ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር። ልክ መጣ። በትልቁ ኩሬ አንድ ጥግ ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ ደረጃ ደረደርኩ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ የገባ ሁሉ መውጣት አይችልም ነበር። ደረጃውን ከመሥራቴ በፊት ባለው ቀን አንድ የሞተ እንሽላሊት አውጥቻለሁ። ቀድሜ ብሠራው ኖሮ።

እንቁራሪቶቹን ማንም አላዛወራቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ጩኸቱ ከትልቁ ኩሬ ወደ ትንሹ ተሻገረ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት፣ ድምፁ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ትናንት ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳይ ጅራታሞቹ ቀጭኑን ውሃ አጥቁረውታል። አንዱ የኋላ እግር ማውጣት ጀምሯል፣ የስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ቄጠማ፣ አንድ ባዶ ቆዳም ግንዱ ላይ አገኘሁ! እንደ አንቺ መስኮቴ ላይ ነው።

ለጎረቤቶቼ ባልዲ ስለመድፋት አስረዳኋቸው። አንዱ የራሱ ጓሮ ሄዶ ያየውን አይቶ ዝም ብሏል።

የየብሱ ኤሊ ድኗል። ሣር ይግጣል፣ ውሃ የሚጠጣው ከጠፍጣፋ ሰሃን ነው፣ ኩሬው አጠገብ ያለውን አጥር እንኳን አያልፍም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ዶክተር ካለሽ። ኤሊዋ ግንዷ ላይ ትወጣና የኋላ እግሮቿን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ጣቶቿን በልቅጣ፣ አንገቷን አስረዝማ ትደነዝዛለች። ለሰዓታት። የጀርባዋም ቅርፊት እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ነው። ታመመች እንዴ?

የእንስሳት ሐኪሟ

ከሥሩ ያለው ጠንካራ ነው? አይሸትም? ነጭ ወይም ለስላሳ ቦታ የለውም?

ጓሮ ኩሬ

ጠንካራ ነው። አዲስ ሆኖ ያብረቀርቃል።

የእንስሳት ሐኪሟ

እያደገች ነው። ፀሐይ እየሞቀች ነው። ተያት።